የበረራ ሥልጠና ቀጠሮን በኦንላይን ስለ መያዝ፦ ለከሚሴና አካባቢዋ ሠልጣኞች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት የለም። ለከሚሴ ከተማ ቅርብ የሆነው አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ሰሜን የሚገኘው የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አብራሪ ለመሆን የሚሹ የከሚሴ፣ የባቲ፣ የደዋ ጨፋ፣ የአርጡማ ፉርሲ፣ የጅሌ ጥሙጋና የደዌ ሐረዋ ወጣቶች ሥልጠናውን ለመከታተል ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ መሄድ ይጠበቅባቸዋል። ከከሚሴ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድም 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የበረራ ትምህርት ቤቶችና የበረራ ክለቦች የሥልጠና ሰዓት የሚመድቡት በኦንላይን የቀጠሮ ሥርዓት ነው። ሠልጣኙ በስልኩ ወይም በኮምፒውተር ገብቶ አውሮፕላኑን፣ አሠልጣኙንና ሰዓቱን ይመርጣል። አሠራሩ ከሩቅ ቦታ ሆኖ ቀጠሮ ለመያዝ ስለሚያስችል ከዋና ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ዜጎች ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው፤ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ሰዓት፣ ቀን ወይም ስም በተሳሳተ መንገድ የሞላ ሠልጣኝ ለበረራው ያወጣውን ገንዘብና የመጣበትን ረጅም መንገድ በከንቱ ሊያጣ ይችላል። የዚህ ማብራሪያ ዓላማ ተገልጋዮች የሥርዓቱን አሠራር ተረድተው ከእንዲህ ያለው ኪሳራ እንዲጠበቁ ማድረግ ነው።

1. የቀጠሮ ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

አንድ የሥልጠና በረራ እንዲካሄድ አውሮፕላኑ፣ አሠልጣኙና ሠልጣኙ በአንድ ሰዓት ነጻ መሆን አለባቸው። ቀድሞ ይህ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ወይም በግድግዳ ሰሌዳ ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ እንደ ፍላይት ስኬጁል ፕሮ፣ ፍላይት ሰርክልና ስኬጁል ማስተር ያሉ መተግበሪያዎች ይህንኑ ሥራ ያከናውናሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለራሳቸው ያሠሩትን ሥርዓት ይጠቀማሉ።

ሥርዓቱ ቀጠሮውን ከመቀበሉ በፊት የተለያዩ ነገሮችን ያጣራል። አውሮፕላኑ የጥገና ጊዜው ደርሶ ከሆነ ከሰሌዳው ያስወጣዋል። የሠልጣኙ የጤና ብቃት ማረጋገጫ ጊዜው ካለፈ፣ ወይም በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ከሌለ ጥያቄውን ውድቅ ሊያደርግ ይችላል። ብቻውን ለመብረር የሚጠይቅ ሠልጣኝም የአሠልጣኙ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለሆነም «ቀጠሮ አልተቀበለኝም» የሚል ቅሬታ ሲኖር በቅድሚያ መታየት ያለበት የራስ ፋይል ነው።

የበረራ ክለብ ከትምህርት ቤት የሚለየው አባላቱ አውሮፕላንን በጋራ የሚጠቀሙበት ማኅበር በመሆኑ ነው። በናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብ በአካባቢያችን የታወቀው ምሳሌ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም እንዲህ ባሉ ክለቦች አባል ሆነው ሊበሩ ይችላሉ። በክለብ ውስጥ አንድ አባል የያዘው ሰዓት ለሌላው የተዘጋ ስለሚሆን፣ ያልተጠቀሙበትን ቀጠሮ በወቅቱ መሰረዝ የአባልነት ግዴታ ነው።

ሁሉም ሠልጣኝ ሰዓቱን ራሱ ይመርጣል ማለት ግን አይደለም። በአየር መንገድ ምልመላ ተወዳድረው በሚገቡባቸው መርሐ ግብሮች የበረራ ሰሌዳውን የሚያወጣው የማሠልጠኛው ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል፤ የሠልጣኙ ድርሻ የወጣለትን ሰሌዳ በየዕለቱ መከታተል ነው። የሚከተሉት ምክሮች ለሁለቱም ያገለግላሉ።

2. ከምዝገባ በፊት

ኢትዮጵያ በ1944 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተዘጋጀውን የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙ አገሮች አንዷ ናት። የአብራሪ ፈቃድ መስፈርትም በዚሁ ስምምነት አባሪ 1 ላይ የተመሠረተ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ለግል አብራሪ ፈቃድ ዝቅተኛው ዕድሜ 17 ዓመት፣ ለንግድ አብራሪ ፈቃድ 18 ዓመት ነው። ለግል አብራሪ በመደበኛው 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለንግድ አብራሪ 200 ሰዓት፣ ወይም ዕውቅና ባለው የተሟላ ሥልጠና 150 ሰዓት ያስፈልጋል። ሠልጣኙ ይህን ያህል ሰዓት የሚያጠናቅቀው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ቀጠሮ እየከፋፈለ ስለሆነ፣ ሥልጠናው በጊዜው መጠናቀቁ በቀጠሮ አያያዝ ላይ በእጅጉ ይመሠረታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ያከናውኑ፦

ሀ. ትምህርት ቤቱ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የጸና ፈቃድ ያለው መሆኑንና ፈቃዱ የሚፈልጉትን የሥልጠና ዓይነት የሚሸፍን መሆኑን ከባለሥልጣኑ ያረጋግጡ። ማራኪ ድረ ገጽ ወይም ዘመናዊ የቀጠሮ መተግበሪያ መኖሩ የፈቃድ ማስረጃ አይደለም። መተግበሪያውን ማንኛውም ድርጅት ገዝቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

ለ. የጤና ምርመራዎን ያስቀድሙ። ለንግድ አብራሪ አንደኛ ደረጃ የጤና ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ምርመራውን የሚያካሂደውም በባለሥልጣኑ የተመደበ የአቪዬሽን ሐኪም ነው። የሥልጠና ክፍያ ከፍለው በኋላ በጤና ምክንያት መቋረጥ ቤተሰብን ለከባድ ኪሳራ ይዳርጋል።

ሐ. የቀጠሮና የስረዛ ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከስንት ሰዓት በፊት መሰረዝ እንደሚቻል፣ ሲዘገዩ ምን እንደሚከፈል፣ በአየር ጠባይ ምክንያት የተሰረዘ በረራ ያስከፍል እንደሆነና የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ የሚሆንበትን ሁኔታ ይወቁ።

3. ስም አጻጻፍ

የቀጠሮ ሥርዓቶቹ ስምን የሚጠይቁት በላቲን ፊደል ነው። በአካባቢያችን ብዙዎች በአፋን ኦሮሞ የተማሩ በመሆናቸው ስማቸውን በቁቤ ይጽፋሉ፤ በሌላ ሰነድ ላይ ያው ስም በእንግሊዝኛ ልማድ ተጽፎ ይገኛል። እንደ አሕመድ፣ ሙሐመድና ፋጡማ ያሉ ስሞችም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋሉ። የጤና ማረጋገጫው በአንድ፣ ፓስፖርቱ በሌላ፣ የቀጠሮ ፋይሉ በሦስተኛ አጻጻፍ ሲሆኑ ሰነዶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስቸግራል። መፍትሔው በፓስፖርት ላይ ያለውን አጻጻፍ አንድም ፊደል ሳይለውጡ በሁሉም ቦታ መጠቀም ነው። ሥርዓቱ የቤተሰብ ስም በሚጠይቅበት ሣጥን ምን እንደሚጻፍም ከፓስፖርቱ ያመሳክሩ።

4. የቀን አጻጻፍ

ከሁሉ አስቀድሞ የትውልድ ዘመንዎን ያስተካክሉ። በጥር ወር 2000 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት በሥርዓቱ ላይ መጻፍ ያለበት 2008 ነው። 2000 ብሎ ቢጽፍ ዕድሜው በስምንት ዓመት ከፍ ብሎ ይመዘገባል፤ ዕድሜን መሠረት አድርጎ የሚታየው መስፈርትም ይዛባል።

ሁለተኛው የቀንና የወር ቅደም ተከተል ነው። በአሜሪካ የተሠሩ መተግበሪያዎች ወርን አስቀድመው ይጽፋሉ። ለምሳሌ የጤና ማረጋገጫ ማብቂያ «5/8/2026» ተብሎ ቢሞላ፣ አንዱ ሥርዓት ሜይ 8 ሲለው ሌላው ኦገስት 5 ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን ሁለተኛው ሐምሌ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የልዩነቱ መጠን ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ሰነዱ ሳያልፍ አልፏል ቢባል ሠልጣኙ ሳይበር ይቀራል፤ አልፎ ሳለ አላለፈም ቢባል ግን ያለ ሕጋዊ ሰነድ ሊበር ይችላል። ስለሆነም ወሩን በስሙ መርጠው የሚሞሉበት አማራጭ ካለ ይህንኑ ይጠቀሙ።

5. የሰዓት አቆጣጠር

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ክፍል ይህ ነው። ሠልጣኙ በአንድ ቀን ሦስት አቆጣጠር ያጋጥመዋል፦ የአገራችን፣ የአካባቢው የ24 ሰዓት አቆጣጠርና በአቪዬሽን ሥራ ላይ የሚውለው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ማለትም ዩቲሲ። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። የቀጠሮ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ሰዓት ይወጣል፤ የበረራ ዕቅድና የአየር ጠባይ ዘገባ ግን በዩቲሲ ይጻፋሉ።

ለቀን ሰዓት ማስያዣው ቀላል ነው። በእኛ ሰዓት ላይ 6 ሲደመር የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ 3 ሲደመር ደግሞ ዩቲሲ ይገኛል፦

• ከጠዋቱ 1:00 ሰዓት፣ በሰሌዳው 07:00፣ በዩቲሲ 04:00
• ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት፣ በሰሌዳው 09:00፣ በዩቲሲ 06:00
• ከቀኑ 6:00 ሰዓት፣ በሰሌዳው 12:00፣ በዩቲሲ 09:00
• ከቀኑ 9:00 ሰዓት፣ በሰሌዳው 15:00፣ በዩቲሲ 12:00
• ከቀኑ 11:00 ሰዓት፣ በሰሌዳው 17:00፣ በዩቲሲ 14:00

አሳሳቹ ነገር በሰሌዳው ላይ ከ07:00 እስከ 11:00 ያሉት ቁጥሮች በእኛም አቆጣጠር የቀን ሰዓት ሆነው መገኘታቸው ነው። በሰሌዳው 08:00 ማለት ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው። «8:00 ሰዓት» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሠልጣኝ ግን የሚደርሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። አውሮፕላኑ በረራውን ጨርሶ ለሌላ ሠልጣኝ ተላልፏል፤ እርሱም በሰሌዳው ላይ «ሳያሳውቅ የቀረ» ተብሎ ተመዝግቧል። በአንጻሩ ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ለመያዝ ፈልጎ 02:00 ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚጠይቀው ከሌሊቱ 8:00 ሰዓትን ነው። ይህንኛውን ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ ይመልሰዋል፤ የመጀመሪያውን ግን ማንም አያስታውስም።

ስለሆነም ቀጠሮ በያዙ ቁጥር በስልክዎ ላይ ወይም በማስታወሻ ደብተር ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን ያስፍሩ። ከቤተሰብ ወይም ከሾፌር ጋር ሲነጋገሩ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ቃል አይተዉ። የስልክዎ የሰዓት ክልልም በአዲስ አበባ ሰዓት የተስተካከለ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ መተግበሪያዎች ሰሌዳውን የሚያሳዩት በስልኩ የሰዓት ክልል ነው። ኬንያ ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ስትሆን ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ሰዓቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀያየር በእነዚያ ሳምንታት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

6. የትኛውን ሰዓት መምረጥ ይሻላል?

የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የስስ አየር ውጤት የሞተሩ ጉልበትና የክንፉ የማንሣት ኃይል መቀነስ ነው፤ ትንሹ የሥልጠና አውሮፕላንም ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ሽቅብ የሚወጣውም በዝግታ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይጠነክራል፤ በክረምት ደግሞ የነጎድጓድ ደመና ይከማቻል። ለጀማሪ ሠልጣኝ የጠዋቱ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ አየር ስለሚመረጥ የጠዋት ሰዓቶች በፍጥነት ይያዛሉ።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እንመክራለን፦

• ሰሌዳው የሚከፈትበትን ቀን አውቀው ቀድመው ይያዙ። የተጠባባቂ ዝርዝር ካለም ይመዝገቡ።
• የሁለት ሰዓት ቀጠሮ ሁለት ሰዓት በረራ አይደለም። የቅድመ በረራ ገለጻ፣ የአውሮፕላን ፍተሻና ከበረራ በኋላ የሚደረገው ውይይት በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ።
• በተቻለ መጠን ቀጠሮዎችን በተከታታይ ቀናት ይያዙ። በሳምንታት ልዩነት የሚበር ሠልጣኝ የረሳውን ለመከለስ ተጨማሪ ሰዓት ይከፍላል።
• በክረምት ወራት ለሚሰረዙ በረራዎች የሚሆን ትርፍ ቀን በዕቅድዎ ውስጥ ይተዉ።

ከከሚሴ ተነሥተው ለሚጓዙ ደግሞ መንገዱ ራሱ የቀጠሮው አካል ነው። በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን የሚያልፈው ጉዞ የጣርማ በርን አቀበት ያካትታል፤ በዚያ ከፍታ ጉም መንገዱን የሚጋርድበት ጊዜ አለ። በዕለቱ ተነሥቶ የጠዋት በረራ ላይ መድረስ አይቻልም። የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቢያንስ በዋዜማው ገብተው በቂ ዕረፍት ያድርጉ። የመንገድ ድካም ያለበት ሠልጣኝ እንዲበር አይመከርም።

7. ስረዛ፣ መዘግየትና የማይመቹ ቀናት

በተለምዶ «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚባለው ልማድ በበረራ ሥልጠና ቦታ የለውም። አንድ ሠልጣኝ ግማሽ ሰዓት ሲዘገይ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ፤ የመጨረሻው ሠልጣኝም ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ስላለበት ሳይበር ሊቀር ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ስረዛን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እንዲያውቁ ይጠይቃሉ፤ ሳያሳውቅ የቀረንም ያስከፍላሉ።

ስረዛ ሲኖር በሥርዓቱ ውስጥ ራሱ ይሰርዙ፤ ለአሠልጣኙ በስልክ መንገር ብቻውን በቂ አይደለም። ኢንተርኔት ባይሠራ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያሳውቁና መልእክቱን ያስቀምጡ። በኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ሥርዓቶቹ ሠልጣኙ የማይመቹትን ሰዓቶች አስቀድሞ እንዲዘጋ ሊፈቅዱ ይችላሉ። የዓርብ የጁምዓ ሶላት ሰዓት፣ የሰንበት ጸሎትና የበዓላት ቀናት በዚህ መንገድ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐ (አረፋ) እና መውሊድ ጨረቃን የሚከተሉ በመሆናቸው ከፊታቸውና ከኋላቸው አንድ ቀን ክፍት መተው ይበጃል። በረመዳንም ሆነ በሌሎች አጽዋማት የሚጾም ሠልጣኝ ይህንኑ ለአሠልጣኙ ያሳውቅ። መራብና የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ትኩረትን እንደሚቀንሱ በአቪዬሽን ሕክምና የታወቀ ነው። በጾም ወራት የማለዳ በረራ መምረጥ፣ የሲሙሌተርና የንድፈ ሐሳብ ትምህርትን ማብዛት ወይም በረራውን ማዘግየት ከአሠልጣኙ ጋር ሊወሰን ይችላል። የጤና ስሜትዎ ጥሩ ካልሆነ ቅጣት ቢኖረውም በረራውን ይሰርዙ። የስረዛ ክፍያ በሌላ ቀን ይተካል፤ ሕይወት ግን አይተካም።

8. ከበረራ በኋላ

በረራው ሲያበቃ በሥርዓቱ ውስጥ መዝጊያ ይሞላል። በብዙ የሥልጠና አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው ሆብስ ሜትር የሚባለው ቆጣሪ ከበረራ በፊትና በኋላ ያሳየው ቁጥር ይመዘገባል፤ ክፍያውም በልዩነቱ ይሰላል። ቆጣሪው ሰዓትን በአሥረኛ ስለሚከፍል 1.2 ማለት አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ እንጂ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ አይደለም። ሁለቱንም ቁጥሮች በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከደረሰኙና ከሎግ ቡክዎ ጋር ያመሳክሩ። ለፈቃድ የሚቆጠርልዎት በአግባቡ የተመዘገበና የተፈረመ ሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ቢበላሽ ወይም ድርጅቱ ቢዘጋ በእጅዎ የሚቀረው የራስዎ ሎግ ቡክ ነው።

በአውሮፕላኑ ላይ ያዩት ማናቸውም ጉድለት ቢኖር፣ ቀላል ቢመስልዎትም፣ በጉድለት መመዝገቢያው ላይ ያስፍሩ። ቀጥሎ የሚበረው ሰው የሚተማመነው በዚያ መዝገብ ነው።

9. ክፍያና ቅሬታ

ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲፈጽሙ የሚከፍሉት በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ መሆን አለበት፤ ለግለሰብ ስልክ አይላኩ። ለብዙ ሰዓታት በአንድ ጊዜ ክፈሉ ስትባሉ ያልበረሩበት ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በውል ይስፈር። የይለፍ ቃልዎን ለደላላም ሆነ ለኢንተርኔት ካፌ ሠራተኛ አይስጡ፤ በካፌ ከተጠቀሙ ከሒሳብዎ ወጥተው ይነሡ።

ቅሬታ ሲኖርዎት በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የቀጠሮውን ምስል፣ ደረሰኙንና የተለዋወጡትን መልእክት ያያይዙ። ጉዳዩ ፈቃድን፣ የበረራ ደኅንነትን ወይም የሰዓት ምዝገባን የሚመለከት ሆኖ ምላሽ ካላገኘ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል።

ከከሚሴ ከመነሣትዎ በፊት የሚያረጋግጡት

• ቀጠሮው «ጸድቋል» ይላል? ወይስ ገና በመጠባበቅ ላይ ነው?
• ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል?
• የጤና ማረጋገጫዎና የሠልጣኝ ፈቃድዎ በበረራው ቀን የጸኑ ናቸው?
• አውሮፕላኑ በዋዜማው ለጥገና ተይዟል ወይስ ዝግጁ ነው?
• አሠልጣኙ አልተለወጠም?
• ሎግ ቡክ፣ መታወቂያና ደረሰኝ ይዘዋል?

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ለመመለስ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። መልሱ በአንዱም ላይ አጠራጣሪ ከሆነ መኪና ከመሳፈርዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ ይደውሉ።